የአጎቴ ውሻ ስንት ኪሎ ነው?

ስለ ውሻ ውፍረት ልጽፍ ነው ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። አንዱማ «ሰው በቀጠነበት አገር ያንተ ጭንቀት የውሻ ቦርጭ ሆነ?» አለኝ። አልተቀየምኩትም። በተግባር ልምምድ ወቅት ወደ ክሊኒክ ሲመጡ የምናያቸው ውሾች አጥንታቸው የሚቆጠር፣ መዥገር የወረራቸው፣ ወይም ሰው ነክሰው ባለቤታቸው ደንግጦ በገመድ እየጎተተ ያመጣቸው ናቸው። ስለ ውፍረት የሚያወራውን የመማሪያ ምዕራፍ ብዙው ተማሪ «ለፈተና አይመጣም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ምዕራፉን ደጋግሜ ያነበብኩት ለፈተና ሳይሆን ውርጌሳ ውስጥ ባለ አንድ ውሻ ምክንያት ነው።

ውርጌሳን ለማታውቁ አንባቢያን፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዙ ውጫሌን አልፋችሁ፣ መርሳ ሳትደርሱ የምታገኟት የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። አስፋልቱ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። አጎቴ እዚያው አስፋልት ዳር ምግብ ቤት አለው፤ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ ደግሞ መከታ የሚባል ቡላ ውሻ ታስሮ ይኖራል። መከታ ዘር ምናምን የሚባል ነገር የለውም። ጅራቱ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ አንድ ጆሮው የወደቀ፣ እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ውሾች የሰፈር ልጅ ነው።

ልብ ብላችሁ ከሆነ የኛ አገር ውሻ ክብደቱ የሚሄደው በቀን መቁጠሪያ ነው። ክርስቲያን ቤት ያለው ውሻ ሳይወድ በግዱ ከጌታው ጋር ይጾማል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን አጥንት የሚባል ነገር አያይም፤ ፍርፋሪው ሁሉ ሽሮ የነካው እንጀራ ነው። ፋሲካ ሲሆን ደግሞ በአንድ ቀን ሆዱ እስኪነፋ ይበላል። የወሎ ውሻ ግን ከሌላው ይልቅ ዕድለኛ ይመስለኛል፤ ፋሲካው ሲያልፍ ከጎረቤት ዓረፋ ይመጣለታል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ውሻን ለጥበቃና ለከብት ያሳድጉታል እንጂ እቤት አያስገቡትም፤ የሚበላበትም ዕቃ ለብቻው ነው። ይህን በሃይማኖት ዓይን ሳይሆን በጤና ባለሙያ ዓይን ብናየው እንኳ ዕቃውን መለየታቸው ትክክል ነው፤ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን ትል ያስቡ።

የገጠር ውሻ የማይወፍርበት ሌላው ምክንያት ሥራው ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ እረኛው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ሲያጮህ ውሻው ታች ከዝንጀሮ ጋር ሲሯሯጥ ይውላል። መከታም በቡችላነቱ አያቴ ማሳ ላይ ይህንኑ ሲሠራ ነው ያደገው። ያኔ ወገቡ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ ሲሮጥ መሬት የማይነካ የሚመስል ውሻ ነበር። ወደ ከተማ የመጣው አያቴ ከሞተ በኋላ ነው። ከማሳ ወደ ሰንሰለት፣ ከጠላ አተላና ከቂጣ ወደ ምግብ ቤት ትራፊ ማለት ነው።

ውፍረቱ ግን ከዚህ ብቻ አልመጣም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ ስትያዝና ጦርነቱ ወደኛ ሲወርድ የአጎቴ ቤተሰብ የያዘውን ይዞ በእግሩ ወጣ። መጀመሪያ ደሴ፣ ደሴም ስትያዝ ወደ ሸዋ። መከታን ፈቱትና ጥለውት ሄዱ፤ ሌላ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ታኅሣሥ 2014 ላይ ሲመለሱ የምግብ ቤቱ በር ተገንጥሎ፣ ድስትና ወንበሩ ተወስዶ አገኙት። መከታ ግን ምድጃው አጠገብ ተኝቷል። አጎቴ ሲያወራው «ቆዳና ዓይን ብቻ ነበር» ይላል። ተነስቶ መጮህ አቅቶት ጅራቱን ብቻ ነው አሉ የወዘወዘው። አጎቴ የዚያን ዕለት ነው «ይህ ውሻ ከእንግዲህ እኔ እያለሁ አይራብም» ብሎ የማለው።

መሐላውንም ጠበቀ። ምግብ ቤቱ ቀስ በቀስ ሲያገግም የመከታም ሰሃን አብሮ ሞላ። የጥብስ ጮማ፣ የቅቅል አጥንት፣ ቅቤ የጠጣ እንጀራ። ወጥ ቤት የሚሠሩት ልጆች ይጥሉለታል፤ እጃቸውን ለመታጠብ ወደ ጓሮ የሚያልፉ ሾፌሮችም የያዙትን አጥንት ይወረውሩለታል። ሁሉም «እኔ እኮ ትንሽ ነው የሰጠሁት» ባይ ነው። ታዲያ የስምንት ሰው ትንሽ ስንት ይሆናል?

ጥር 2017 ዓ.ም. ለእረፍት ስሄድ መከታ ከተኛበት ለመነሳት ሁለት ጊዜ ነው የሞከረው። የፊት እግሮቹን ተክሎ፣ የኋላውን እየጎተተ። ከውሃ ሰሃኑ እስከ መኝታው ያለችውን አጭር ርቀት ሄዶ ያለከልካል፤ ጥላ ሥር። አጎቴ «ጥጋብ ነው፣ ደስታ ነው» ይላል። የአጎቴ ባለቤት ግን ሌላ ነገር ነው ያለችኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሌባ በጓሮ ገብቶ አንድ ጀሪካን ዘይት ወስዷል። መከታ ጮኋል፤ አልተነሳም። «ለጥበቃ ካልሆነ ምን ይሠራል? ቡችላ እናምጣና ይሄን ለሚወስደው እንስጠው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። የማይጠብቅ ውሻን የሚወስድ ሰው እንደሌለ እሷም እኔም እናውቃለን። ከከተማ ዳር ይፈታል፣ ቀሪው የጅብ ነው።

በትምህርታችን የውሻን የሰውነት ይዞታ ከ1 እስከ 9 ነጥብ እየሰጠን እንለካለን። 1 ማለት ከቆዳና ከአጥንት በቀር ምንም የሌለው፣ 9 ማለት በስብ የተድቦለቦለ ሲሆን 4 እና 5 ጤነኞቹ ናቸው። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እጃችሁ ይበቃል። እጃችሁን ጨብጡና በሌላኛው እጅ ጣቶች የጭብጡን አንጓ ዳስሱ፤ የውሻችሁ የጎድን አጥንት እንደዚያ ከቆረቆራችሁ ከስቷል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጀርባውን ስትዳስሱ እንደሚሰማችሁ ከሆነ ደህና ነው። እንደ መዳፋችሁ ሥጋ ከሆነ፣ አጥንቱን ለማግኘትም ጫን ማለት ካስፈለጋችሁ ወፍሯል። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ከጎድኑ ቀጥሎ ወገቡ ገባ ማለት አለበት፤ ከጎን ስታዩት ደግሞ ሆዱ ወደ ኋላ እግሩ ሰብሰብ ማለት አለበት። መከታ ከላይ ሲታይ ሙቀጫ ነው የሚመስለው። 8 ሰጠሁት።

ኪሎውንም ማወቅ ነበረብኝ። የሰው ሚዛን ላይ ተሸክሜው እንዳልወጣ አልቻልኩትም። ጎረቤታችን የእህል ነጋዴ ባስኩል አላቸው። ሙስሊም ናቸውና እንዴት ብዬ እንደምጠይቃቸው ተቸግሬ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ግን «አብሽር! ባዶ ማዳበሪያ አንጥፍበትና አምጣው፤ ሲያልቅ ታጥበዋለህ» አሉኝ። ማዳበሪያውን አንጥፈን አወጣነው። 31 ኪሎ! የተሰበሰበው ተሸካሚ ሁሉ ሳቀ። ሰውዬውም «በኪሎ ስንት ልትሉ ነው?» ብለው አጎቴን ቀለዱበት። እኔ ግን ሒሳቡን እየሠራሁ ነበር። ከ5 በላይ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ክብደት ማለት ናት። 8 ስንል ቢያንስ 30 በመቶ ትርፍ ነው። ስለዚህ የመከታ ትክክለኛ ክብደት 24 ኪሎ አካባቢ መሆን አለበት፤ 7 ኪሎ የሰው ፍቅር ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

ዋናው ችግር ውሻው አልነበረም፤ አጎቴ ነው። እንደ ተማሪ መጀመሪያ የጀመርኩት በጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። 48 የላብራዶር ቡችሎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ከየጥንዱ ለአንደኛው ከወንድሙ 25 በመቶ ያነሰ ምግብ እየሰጡ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተሏቸው። ቀነስ አድርገው የበሉት አማካይ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሆነ፤ የጠገቡት 11.2። የመገጣጠሚያ ሕመምም በቀጫጮቹ ላይ ዘግይቶ ነው የመጣው። ይህን ሁሉ በኩራት ካስረዳሁት በኋላ አጎቴ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የፈረንጅ ውሻ ርቦት አያውቅም። ይሄ ያውቀዋል።»

ምን ይመለሳል? ጥናቱን ትቼ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። አጎቴ የሚያሳምመው መከታ ባዶ ሰሃን ፊት ቁጭ ብሎ ሲያየው ነው። ስለዚህ «ምግቡን አንከለክለውም፤ በቀን ሦስት ጊዜ እናደርገዋለን» አልኩት። «ሦስቴ ይበላል?» «ሦስቴ።» «እንደሱ ከሆነማ ይሁን» አለ። ድርሻው በጠቅላላው ከድሮው ከግማሽ እንደሚያንስ አልደበቅኩትም፤ እሱ ግን የያዘው ሦስቴ የምትለዋን ቃል ነው። ከባለቤቱ ጋርም እስከ ክረምቱ መጨረሻ ድረስ ቡችላ ላይመጣ ተስማማን።

አሁን ወደ ሰሃኑ እንምጣ፤ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ውሻ በማረፊያው የሚፈልገውን ኃይል ለማወቅ ክብደቱን በካልኩሌተር በ0.75 ፓወር ታነሱና በ70 ታባዛላችሁ። ለሚቀንስ ውሻ የምንጠቀመው አሁን ያለውን ሳይሆን የምንመኝለትን ክብደት ነው። ለ24 ኪሎ ወደ 760 ኪሎ ካሎሪ በቀን ይመጣል። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲንና ስታርች 4 ብቻ። እንግዲህ 100 ግራም ጮማ ብቻውን የመከታን የቀን ድርሻ ሊጨርሰው ምንም አይቀረው። 100 ግራም ጮማ ማለት ደግሞ አንድ ሾፌር «ይችን እንካ» ብሎ የሚወረውራት ናት።

ብዙ ሰው «ውሻ ሥጋ በል ነው፣ እንጀራ ይጎዳዋል» ሲል እሰማለሁ። ይህ ለተኩላ እንጂ ለውሻ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘር ጥናት ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ ስታርች የሚፈጨውን የጂን ቅጂ ከተኩላ አብዝቶ እንደያዘ አሳይቷል። የበሰለ እህል ይፈጫል ማለት ነው። ችግሩ እንጀራው ላይ ያለው ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፤ ቢበስሉም፣ ቢደርቁም ያው ናቸው። ውሻው ከክብደቱ 0.5 በመቶ በላይ የሚሆን ሽንኩርት ከበላ መርዝ ነው፤ ለ24 ኪሎ ውሻ 120 ግራም ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ በየቀኑ መስጠትም አይመከርም። የኛ ወጥ መሠረቱ ደግሞ ምንድን ነው? ሽንኩርት! ስለዚህ የጾም ትራፊ ስለሆነ ብቻ ሽሮና ምስር ወጥ ለውሻ ደህና ነው ማለት አይደለም።

በወጥ ቤቱ ካሉት እናት ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። ወጡ ሳይቁላላ፣ ቅመም ሳይገባ፣ የመከታ ድርሻ በትንሽ ድስት ለብቻው ይወጣል። በቀን 200 ግራም እንጀራ፣ 250 ግራም የተቀቀለ ጨጓራ ወይም ስብ የሌለው ቁርጥራጭ፣ አንድ እንቁላል፣ የቀረው ዱባና ጥቅል ጎመን። የእንቁላሉም ቅርፊት ደርቆ ይፈጭና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይነሰነስበታል፤ አጥንቱ ስለቀረበት ካልሲየም ያስፈልገዋል። የበሰለ አጥንት ግን ጨርሶ ቀረ፤ ሲሰበር እንደ መርፌ ሾሎ አንጀት ይበሳል። ጥሬ ሳንባና ጉበትም እንደዚሁ። ብዙ ሥጋ ቤት የታመመውን ሳንባ ወደ ውጭ ለውሻ ይወረውራል። እዚያ ላይ ያለችው ውሃ ያዘለች እባጭ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ትሆናለች፤ እንቁላሏ ደግሞ ተመልሶ ወደ በጉ፣ ወደ ከብቱ፣ ወደ ልጆቻችን ጉበት ይመጣል። ቀቅሎ መስጠት ይህን ሰንሰለት ይበጥሰዋል።

ጊዜውም አገዘን። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት ቀጠለ። በአንድ ሰሞን ሁለቱም ጾም ሲሆን ውርጌሳ ላይ በቀን የሚወረወር አጥንት አልነበረም። ኮሌጃችን ሩቅ ስላልሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እመዝነው ነበር፤ መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት የአጎቴ ልጅ ይመዝንና በስልክ ይነግረኛል። ውሻ በሳምንት መቀነስ ያለበት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ከዚያ ከፈጠነ ጡንቻውንም ይበላል። ለፋሲካ ዋዜማ መከታ 28 ኪሎ ገባ።

ማንሸራሸሩ ከምግቡ የበለጠ አሳፋሪ ነበር። በውርጌሳ ውሻ በገመድ የሚጎትት ሰው ወይ ሊሸጠው ነው ወይ ሊያስከትበው ነው፤ ዝም ብሎ አብሮት የሚሄድ እብድ ነው። ሕፃናት ከኋላችን «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉን ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ከአምስት ደቂቃ አላለፍንም፤ ወፍራም ውሻን በአንዴ ማስሮጥ መገጣጠሚያውን መጉዳት ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ደቂቃ ጨመርን። ሰዓቱም ቁም ነገር ነው። ውሻ እንደኛ በላቡ አይቀዘቅዝም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። በሀብሩ የቀትር ፀሐይ፣ በጋለ አስፋልት ላይ ወፍራም ውሻ ይዞ መውጣት መግደል ነው። ሳይነጋም አይወጣም፣ ጅብ ገና ወደ ጎሬው አልገባም። እንግዲህ የቀረችን ጎሕ ከቀደደ እስከ ሁለት ሰዓት ያለችው ጊዜ ናት። ከአስፋልቱ ወጥተን በማሽላው ማሳ ዳር እንሄዳለን። ያቺን መንገድ ከቡችላነቱ ሳያውቃት አልቀረም፤ ግንቦት ላይ ገመዱን መጎተት ጀመረ።

ከግቢ የሚወጣ ውሻ ከሌላ ውሻ ጋር ይገናኛልና ቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገው ነበር። ክትባቱን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ሁለቴ «አልቋል» ተባልኩ፣ የት እንደሆነ ይቅር። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞተው ሰው 99 በመቶ ያህሉን የሚያሲዘው የውሻ ንክሻ ነው። የኛ ዞን ደግሞ ሌላም አደራ አለበት። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለን፤ በዓለም ላይ ያለው ቁጥሩ ከ500 አይበልጥም። ባሌ ላይ በተደጋጋሚ የፈጀው ከቤት ውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ ነው። እርግጥ መከታ አቡነ ዮሴፍ አይወጣም። ግን ነገሩን ሳነሳ አጎቴ ከሁሉም ይልቅ ይህን ነው በአድናቆት የሰማኝ፤ «እኛ ጋ ቀበሮ አለ ነው የምትለኝ?»

ፋሲካ ያው ፋሲካ ነው። በአሥር ቀን 800 ግራም ተመለሰ። ማን እንደሰጠው ስጠይቅ ሁሉም ወደ ሰማይ ያያል። አጎቴ ግን በዚያ ሰሞን አንድ ብልሃት አመጣ። የመከታን ማሰሪያ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ አንስቶ ወደ ማገዶ ቤቱ ወሰደው፤ ሾፌሮቹ ከማይደርሱበት። ከኔ ሒሳብ ሁሉ ይህች አንዷ ሥራ ሳትበልጥ አትቀርም። ሰኔ ላይ 27፣ በፍልሰታ ጾም መጨረሻ 25.2፣ መስከረም 2018 ላይ 24.6 ሆነ።

ቡችላ አልመጣም። ማታ ማታ ከሰንሰለቱ ተፈትቶ ግቢውን ይዞራል፤ የኋላ ቀኝ እግሩን አሁንም ጠዋት ጠዋት ይጎትታታል፣ ያ የመገጣጠሚያ ጉዳት ይመስለኛልና የሚመለስ አይደለም። የእህል ነጋዴው በየወሩ መጀመሪያ ማዳበሪያውን ራሳቸው እያነጠፉ ይጠብቁታል። ባለፈው ስመጣ አጎቴ እጁን ጨብጦ አንጓውን እየዳሰሰ ከአንድ ሾፌር ጋር ሲከራከር ደረስኩ። ሰውዬው «ከሳ እኮ፣ ይሄ ውሻ!» ሲለው አጎቴ እጁን ዘረጋና ጀርባውን አሳየው። «ና ዳስሰው፤ እንደዚህ ነው መሆን ያለበት።»